የጾሙ ቃል ከወንጌል ጠፍቷልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ጠያቂው በእጅ ስልኩ ላይ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይከፍትና የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17ን ያሳያል። ቁጥር 20 አለ፤ ቁጥር 22ም አለ። 21 ግን የለም። በዚያ ቦታ መገኘት የነበረበት፣ ጌታችን ያን ዓይነቱ ክፉ መንፈስ የሚወጣው በጸሎትና በጾም ብቻ እንደ ሆነ ያስተማረበት ቃል ነው።

«ዲያቆን፣ እኛ ስንጾም የኖርነው በዚህ ቃል አይደለም እንዴ? ይኼ ከሌለ፣ ሌላውስ ላለመጥፋቱ ምን ማረጋገጫ አለን?»

ሁለተኛዋ ጥያቄ ከመጀመሪያዋ ትከብዳለች። የመጀመሪያዋ ስለ አንድ ቁጥር ናት፤ ሁለተኛዋ ግን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ናት። በሰው አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንም «መጽሐፋችሁ ተበርዟል» ሲባሉ የሚጨነቁት በዚችው ጥያቄ ነው።

እንዲህ ለሚጠይቅ ሰው «አርፈህ ጹም፤ ይህን ምን አስነካህ?» ብሎ መመለስ በየቦታው ይታያል። ይህ መልስ አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በትሕትና መልስ ይዘን እንድንገኝ አዝዟል /1ጴጥ. 3፥15/። ተቆጥተን የመለስነው ልጅ ጥያቄውን አይተወውም፤ መልሱን ሌላ ደጅ ሄዶ ይፈልጋል እንጂ። አንዳንዱ መጀመሪያ ጾሙን ይተዋል፣ ቀጥሎ ማንበቡን ይተዋል፣ በመጨረሻ እኛንም ይተወናል።

እስቲ አስቀድመን ታሪኩን እናስታውስ። ጌታችን በደብረ ታቦር ክብሩን ገልጦ ሲወርድ አንድ አባት ከፊቱ ተንበረከከ። ልጁ በክፉ መንፈስ የሚሠቃይ፣ አንዴ እሳት ውስጥ አንዴ ውኃ ውስጥ የሚወድቅ ነበር። አባትየው ልጁን አስቀድሞ ለደቀ መዛሙርቱ ቢያቀርበው ሊፈውሱት አልቻሉም። ጌታችን ፈወሰው። ደቀ መዛሙርቱም ለብቻቸው ሲሆኑ እኛን ያቃተን ለምንድን ነው ብለው ጠየቁት። በማቴዎስ ወንጌል እንደምናነበው መልሱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የእምነታቸው ማነስ ሲሆን ሁለተኛው የጸሎትና የጾም ነገር ነው /ማቴ. 17፥14-21/። ቅዱስ ማርቆስም ይህንኑ ታሪክ ጽፎታል፤ በእርሱ ዘንድ መልሱ የሚገኘው በምዕራፍ 9 ቁጥር 29 ላይ ነው። አዳዲሶቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች በዚያ ቦታ ጸሎትን ብቻ ይጽፉና ጾምን ወደ ግርጌ ማስታወሻ ያወርዱታል።

የግእዙ ወንጌላችን ቃሉን ይዞታል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ይዞታል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ቆሞ ምንባቡን የሚሰማ ምእመን ቃሉ ጎድሎበት አያውቅም።

ታዲያ ማን አወጣው?

ብዙዎቻችን «ጾምን የሚጠሉ ሰዎች ሰርዘውት ነው» ብለን ለመናገር እንቸኩላለን። በሐሰት መመስከር ግን እንኳን በጾም በፍስክም አይፈቀድም። ማንም ሌሊት ተነሥቶ ቃሉን አልሰረዘውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዋርያትና ወንጌላውያን በእጃቸው የጻፉት የመጀመሪያው ጽሑፍ ዛሬ የለም፤ ያለው ከእርሱ የተገለበጠ፣ ከግልባጩም የተገለበጠ ነው። የሐዲስ ኪዳን ጽሑፍ በጽርእ ማለትም በግሪክ ቋንቋ ብቻ አንዳንዱ ሙሉ፣ አንዳንዱ ቁርጥራጭ ሆኖ ከ5,000 በሚበልጡ የእጅ ጽሑፎች ተርፏል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ከቀደሙት ሁለቱ በጣም የታወቁ ናቸው። አንደኛው በደብረ ሲና በቅድስት ካትሪን ገዳም የተገኘውና ዛሬ አብዛኛው ክፍሉ በለንደን ያለው ብራና ነው። ሁለተኛው በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሁለቱም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ ናቸው። በሁለቱም ላይ የመጀመሪያው ጸሐፊ የማቴዎሱን ቁጥር አልጻፈም፤ በማርቆሱም ላይ ጾም የሚለውን ቃል አላሰፈረም። አዳዲስ ትርጉም የሚያዘጋጁ ምሁራን ለእነዚህ ብራናዎች ትልቅ ክብደት ይሰጣሉ። አሳባቸውም፣ ጾምን የሚወድ ጸሐፊ በማርቆስ ወንጌል ላይ ቃሉን ጨምሮት ይሆናል፣ ከዚያም ወደ ማቴዎስ ተሻግሮ ይሆናል የሚል ነው። በዚህ አሳብ ላንስማማ እንችላለን። ስርቆት ግን አይደለም።

ለመሆኑ ቁጥር 21 ጎድሎ ቁጥር 22 እንዴት ተገኘ? የሐዲስ ኪዳን ምዕራፎች እንዲህ በቁጥር ተከፋፍለው የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1551 ነው። አታሚው ሮቤር እስቲየን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ በእጁ የነበረው የግሪክ ወንጌል ቃሉን ይዞ ስለ ነበር 21 ብሎ ቆጠረው። ያሁኖቹ ተርጓሚዎች የቆየውን ቁጥር ስላልቀየሩ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ በግርጌም አንዳንድ የእጅ ጽሑፎች ይህ ቃል አላቸው ብለው ይጽፋሉ። መደበቅ የፈለገ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ቁጥሩን አስተካክሎ ዝም ይል ነበር።

ቁም ጸሐፊ ሲሠራ ያየ ሰው በቅጂዎች መካከል ልዩነት በመገኘቱ ብዙም አይደነቅም። ቆዳው ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ መስመሩ በወስፌ ተሰምሮ ሲያበቃ ጸሐፊው ብርዑን ከመቃ ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም አዘጋጅቶ፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊደል በፊደል ይገለብጣል። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። ዓይን ይደክማል። ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቁ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልና መካከሉ ይቀራል። አንዳንዴም ጸሐፊው ከሌላው ወንጌል በቃሉ የሚያውቀውን እዚህ ይጽፈዋል። ስለዚህ ነው አራሚ የሚያስፈልገው። የጎደለ ቢገኝ ምልክት አድርጎ በኅዳጉ ወይም በመስመሩ መካከል ይጽፈዋል። በብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ላይም ጸሐፊው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ሲለምንና ጸልዩልኝ ሲል ደጋግመን እናገኛለን። ይህ የትሕትና ወግ ብቻ አይመስለኝም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቃል ነው።

ያ የሲናው ብራናም እንደዚሁ በአራሚ እጅ አልፏል። ኋላ የመጣ አራሚ በማቴዎስም በማርቆስም የጎደለውን ቃል ጨምሮበታል። የብራናው ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በኢንተርኔት ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ የፈለገ ሰው ሊያየው ይችላል።

ቃሉ የያዙትስ ምስክሮች ጥቂት ናቸውን? አይደሉም። ከግሪክ የእጅ ጽሑፎች እጅግ የሚበዙት ይዘውታል። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና የእስክንድርያ ብራና የሚባለው በማርቆስ 9፥29 ላይ ጾም የሚለውን ቃል ይዞታል። በአየርላንድ በደብሊን ከተማ የሚገኝ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የፓፒረስ መጽሐፍ አለ፤ ከሲናውና ከቫቲካኑ ይቀድማል። ገጹ የተጎዳ ቢሆንም በማርቆስ 9፥29 ላይ ጾም የሚለው ቃል እንደ ነበረበት የመረመሩት ሊቃውንት ይገምታሉ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳርፈኝ ግን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ የማቴዎስን ወንጌል ለሕዝቡ ተርጉሞ ሲያስተምር ከ90ዎቹ ስብከቶቹ በ57ኛው እዚህ ቦታ ላይ ይደርሳል። ቃሉን አልዘለለውም። እየጾመ የሚጸልይ ሰው እጥፍ ክንፍ እንዳለው፣ ከነፋስም ይልቅ እንደሚቀልል አድርጎ አስተማረበት። እንግዲህ ያ የሲና ብራና በተጻፈበት ዘመን የአንጾኪያ ምእመናን ይህን ቃል በቤተ ክርስቲያን ይሰሙ ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ለክርክሩ ያህል ቃሉ በዚያ ቦታ ላይ የለም እንበል። ጾማችን ይፈርሳልን? ጌታችን ራሱ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሟል /ማቴ. 4፥2/። በተራራው ስብከት ስለ አጿጿማችን ሲያስተምር «ብትጾሙ» ብሎ አልጀመረም፤ «ስትጾሙ» ብሎ ነው፤ መጾማችንን እንደ ታወቀ ነገር አድርጎ /ማቴ. 6፥16-18/። ሙሽራው ከእነርሱ በሚወሰድበት ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ እንደሚጾሙ ተናግሯል /ማቴ. 9፥15/። በአንጾኪያ የነበሩ አባቶች ጾመው ጸልየው ነው ጳውሎስንና በርናባስን ለአገልግሎት የላኩት /የሐዋ. 13፥2-3/። በእነዚህ ቦታዎች ላይ የሲናውና የቫቲካኑ ብራና ከእኛ ጋር አንድ ናቸው። በአንድ ምስማር ላይ የተሰቀለ ልብስ ምስማሩ ሲነቀል ይወድቃል፤ ጾም ግን በአንድ ምስማር አልተሰቀለም።

ሌላውስ?

ወደ ሁለተኛዋ ጥያቄ እንመለስ። ያየነው ነገር ራሱ መልሱን ይዟል። ልዩነቱን ያወቅነው ምስክሮቹ ብዙ ስለ ሆኑ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ቢኖረን ኖሮ የምናነጻጽርበት ስለማይኖር ልዩነት የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ሰብስቦ መለወጥ የሚችል ሰው አልነበረም፤ አንዱ ቅጂ በግብፅ፣ ሌላው በሶርያ፣ ሌላው በሮም፣ ሌላው በአክሱም ነበር። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የግእዝ ወንጌሎች በሬዲዮካርቦን ሲመረመሩ ከመካከላቸው የጥንቱ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ብራና ሆኖ ተገኝቷል። ግሪኩን የማያነብ ገበሬና እረኛ ቃሉን በራሱ አገር ቋንቋ እየሰማ ካደገ፣ ከባሕር ማዶ ያለ ሰው እንዴት አድርጎ ሊበርዘው ይችላል?

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ያነብ የነበረውን የኢሳይያስን መጽሐፍም እንይ /የሐዋ. 8፥26-40/። እ.ኤ.አ. በ1947 በጨው ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ውስጥ እረኞች የድሮ ጥቅልሎች አገኙ። ከእነርሱ አንዱ ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ 66ቱን ምዕራፍ የያዘ የኢሳይያስ መጽሐፍ ነበር፤ ከጌታችን ልደት በፊት የተጻፈ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከታወቁት ሙሉ የዕብራይስጥ ቅጂዎች በ1,000 ዓመት ያህል ይቀድማል። ሲነጻጸር ምን ተገኘ? ብዙው ልዩነት የፊደል አጻጻፍ ነው፤ በጥቂት ቦታዎች የቃል ልዩነት አለ። በምዕራፍ 53 ስለ መከራው የተነገረው ትንቢት እንዳለ ነው። እንዲያውም በቁጥር 11 ላይ የኋላው ዕብራይስጥ የሌለው «ብርሃን» የሚል ቃል በጥቅልሉ ላይ ተገኝቷል። ይህ ቃል የግእዙ ብሉይ ኪዳናችን በተተረጎመበት በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ውስጥ ድሮም ነበረ። አባቶቻችን የተቀበሉት ቃል 2,000 ዓመት ዋሻ ውስጥ ቆይቶ መሰከረላቸው ማለት ነው።

ቃሉ እንዲሁ በዕድል አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ303 ዲዮቅልጥያኖስ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትም እንዲቃጠሉ አዋጅ አወጣ። መጻሕፍቱን አሳልፎ የሰጠ ሰው እንደ ወደቀ ተቆጠረ፤ አልሰጥም ያለው ደግሞ በአንገቱ ከፈለ። በአገራችንም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍቶቻቸው ሲቃጠሉ፣ የተረፈው የተረፈው ብራናውን ተሸክሞ ወደ ዋሻና ወደ ደሴት የሸሸ ካህን ስለ ነበረ ነው። ዛሬ በስልካችን ውስጥ በነጻ የምናገኘውን ቃል ሰዎች የገዙት በዚህ ዋጋ ነው።

የትኞቹ መጻሕፍት ቅዱሳት እንደ ሆኑ የመሰከረችውም ይህችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ሁላችን የምንቀበላቸውን 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨምር ሳይቀንስ ዘርዝሮ የጻፈልን የመጀመሪያው አባት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ ለእኛ አቡነ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን እርሱ ነው። ዝርዝሩ የሚገኘው በየትኛው ጽሑፍ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ367 በላከው የትንሣኤ መልእክት ነው። የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት በየዓመቱ ጾሙ የሚገባበትንና ትንሣኤ የሚውልበትን ቀን ለአብያተ ክርስቲያናት የሚያሳውቅበት ደብዳቤ ነበር። የመጻሕፍቱ ዝርዝርና የጾሙ አዋጅ በአንድ ደብዳቤ ደረሱ።

የተጻፈውን ማን ይፈታዋል?

ቃሉ በትክክል ደርሶናል ማለት ብቻውን አይበቃም። በዚህ ጾም የምናስበውን የጌታችንን ፈተና ልብ በሉ /ማቴ. 4፥1-11/። ጌታችን ለሦስቱም ፈተና የመለሰው ከኦሪት ዘዳግም በተጻፈ ቃል ነው /ዘዳ. 8፥3፤ 6፥16፤ 6፥13/። መላእክት የሚያገለግሉት የባሕርይ አምላክ ሲሆን በራሱ ሥልጣን «ሂድ» ማለት ሲችል፣ አስቀድሞ የተጻፈውን ጠቀሰ። ለመጽሐፍ ሥልጣን ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ከየት ይመጣል?

ግን እኮ ዲያብሎስም ጠቅሷል! መላእክት በእጃቸው እንደሚያነሡት የሚናገረውን መዝሙር ነው የጠቀሰው /መዝ. 90፥11-12/። ከታመነ መጽሐፍ ነው የጠቀሰው፤ ራስን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ለመወርወር ሲያውለው ግን ጥቅሱ ማሳቻ ሆነ። ጌታችን «እንዲህ አልተጻፈም» አላለውም፤ ሌላውን የተጻፈ አምጥቶ የቃሉን ትክክለኛ ቦታ አሳየ እንጂ።

አንዲት ቁጥር ነጥቆ መሮጥ አደጋው እዚህ ላይ ነው። «ማቴዎስ 17፥21 አለና እንጾማለን» የሚለውም፣ «ማቴዎስ 17፥21 የለምና አንጾምም» የሚለውም ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ፤ ሁለቱም መጽሐፍን የሚያነቡት እንደ ገበያ ዝርዝር ነው። ጃንደረባው ያነበበውን ታስተውለዋለህን ተብሎ ሲጠየቅ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይሆንልኛል አለ እንጂ በሹመቱ አልኮራም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ደቀ መዝሙሩ ከመጻሕፍት ቤት የሚገባው ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን ካለፈ በኋላ ነው። ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦም አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ ሲፈታ ይሰማል። ይህ ሁሉ ዘመን የሚፈጀው መጽሐፉ ስለሚያጠራጥር ሳይሆን ስለሚከበር ነው።

በዚህ ሳምንት ቤተሰቡ ከቅዳሴ መልስ ተሰብስቦ ማርቆስ 9፥14-29ን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ልጆች ካሉ እነርሱ ያንብቡ። በእንግሊዝኛ የሚያነብ ካለ ግርጌውን አይዝለል፤ ያላወቀውን ጽፎ ይዞ ወደ መምህሩ ወይም ወደ ንስሓ አባቱ ይሂድ። ቁጥር 24 ላይ ስትደርሱ ደግሞ ጥቂት ቆም በሉ። አባትየው አምናለሁ ይላል፤ ወዲያው እያለቀሰ አለማመኔን እርዳልኝ ብሎ ይለምናል። ጌታችን መጀመሪያ ጥርጥርህን አጥፋና ተመለስ አላለውም። ልጁን በእጁ ይዞ አስነሣው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር